መቃብሯ የማይታወቅ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ምክንያቱን ያላወቅሁት ትካዜ ተጫጭኖኝ ዋለ። የመመረቂያ ጽሑፌን ምዕራፍ ለማረም ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከአንዲት ምስል ፎቶግራፍ ሥር የሰፈረው «የተገኘችበት ቦታ አይታወቅም» የሚል አጭር መግለጫ ሐሳቤን ሁሉ ወሰደው።

ምስሏ ከየትኛው መቃብር እንደወጣች ባይታወቅም፣ በግሪክ በኤጂያን ባሕር ከሚገኙት የሳይክላዲክ ደሴቶች የመጣች፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ሺህ ዓመት ከእብነ በረድ የተቀረጸች ሴት ናት። እጆቿን ሆዷ ላይ አጣጥፋለች፤ ፊቷ ላይ ከአፍንጫ በቀር የተቀረጸ ነገር የለም፤ የእግር ጣቶቿ ወደ ታች ስለተዘረጉም ያለ ድጋፍ መቆም አትችልም። እንደ ፒካሶና ሞዲሊያኒ ያሉ የ20ኛው መቶ ዘመን ሠዓልያን የእነዚህን ምስሎች ቅርጽ እጅግ ያደንቁ ነበር። በብዙዎቹ ላይ ግን የዓይንና የጸጉር ቀለም ርዝራዥ ተገኝቷል፤ ዛሬ የምናደንቀው ነጭነት ቀራጮቹ ያሰቡት አልነበረም ማለት ነው።

የቀለሙስ ነገር ይሁን፤ በምርመራ ሊገኝ ይችላል። ከቶ የማይመለሰው መቃብሩ ነው። አድናቆቱ ገበያ ፈጠረ፣ ገበያውም ዘራፊዎችን ወደ ደሴቶቹ መቃብሮች መራ። ዘራፊ ምስሉን ነጥሎ ሲወስድ አብሮት የተቀበረው ሸክላ፣ የአጽሙ አቀማመጥና የአፈሩ ንብርብር፣ በጠቅላላው የማን እንደነበረና ለምን እንደተቀበረ ሊነግረን ይችል የነበረው ሁሉ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1970 የጸደቀው የዩኔስኮ ስምምነት የቅርስ ሕገወጥ ዝውውርን ለመከላከል ረድቶ ይሆናል፤ የተቆፈረውን መቃብር ግን ወደ ነበረበት አይመልሰውም።

በአንጻሩ እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ኮሊን ሬንፍሩ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2008 ከእነዚሁ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በኬሮስ በመሩት ቁፋሮ፣ ዘራፊ ካልደረሰበት ስፍራ በርካታ የምስል ስብርባሪዎች ወጡ። ስብርባሪዎቹ እርስ በርስ አለመገጣጠማቸው፣ ምስሎቹ ሌላ ቦታ ሆን ተብለው ከተሰበሩ በኋላ ወደዚያ እንደተወሰዱ አመለከተ። ሰብሳቢ ዞር ብሎ የማያየው የተሰበረ ጉልበት፣ የወጣበት ቦታ በመታወቁ ብቻ፣ ስለ አንድ ሕዝብ ሥርዓት ይህን ያህል መናገር መቻሉ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

የሥነ ጥበብ ታሪክንና አርኪዮሎጂን አጣምሮ ማጥናት የሚከብደኝ እዚህ ላይ ነው። አንዱ ዓይኔን በምስሉ ላይ እንዳሳርፍ ያስተምረኛል፤ ሌላው ከየት እንደመጣ ሳላውቅ አንድም ነገር እንዳልናገር ያስጠነቅቀኛል። አንዳንድ የአርኪዮሎጂ መጽሔቶች ምንጫቸው ያልታወቀ ቅርሶችን ለመጀመሪያ ጊዜ ይፋ የሚያደርግ ጽሑፍ አይቀበሉም፤ ምሁር የጻፈበት ዕቃ በገበያ ዋጋው ስለሚጨምር ነው። ውሳኔያቸው ትክክል ይመስለኛል። የእኔ ምስል ከታወቀች ቆይታለች፤ ቢሆንም ስለ ትከሻዋ አወራረድ በፍቅር የጻፍኩት ገጽ ያንኑ ገበያ አያግዝም ብዬ እንዴት እርግጠኛ እሆናለሁ? ከምዕራፉ ባወጣትስ፣ መቃብሯን ላጣች ምስል ከዚህ በኋላ ማን ይናገርላታል?