በአናጢው ግቢ፦ ስለ መልካም ኑሮ በአንድነት መጠየቅን እንዴት እንደ ጀመርን

በጅማ መርካቶ የእግረኛ መንገድ ላይ ከሚዘረጉት መጻሕፍት ብዙዎቹ ሰው እንዴት ባለጠጋ እንደሚሆን የሚያስተምሩ ናቸው። በለቅሶ ቤትም ሆነ በሠርግ ድንኳን የሚሰማው ወሬ ማን ቤት እንደ ሠራ፣ ማን ልጁን ወደ ውጭ እንደ ላከ፣ ማን እንደ ተሳካለትና ማን እንደ ቀረ ነው። እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ስሆን ለዓመታት የቡና ነጋዴዎችን መዝገብ ስይዝ ኖሬአለሁ፤ ገቢና ወጪን፣ ትርፍና ኪሳራን በየዓምዳቸው ማስፈር አውቅበታለሁ፤ ሆኖም ትርፉ በምን መንገድ እንደ መጣ የሚሰፍርበት ዓምድ በየትኛውም መዝገብ ላይ አላገኘሁም። ይህን ነገር ብቻዬን ከማብሰልሰል ከሰዎች ጋር ልጠይቀው ብዬ የጀመርኩት የእሑድ ስብሰባ እንዴት እንደ ተደራጀ፣ ምን እንደ ሠራልንና ምን እንዳስተማረኝ ለማስፈር እሞክራለሁ።

ተሰብሳቢዎቹ አንድ አናጢ፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ ቡና አቅራቢ፣ አንድ የባጃጅ አሽከርካሪ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት እና በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ ወጣት ነን፤ ሙስሊምም፣ ኦርቶዶክስም፣ ጴንጤም በመካከላችን አለ። የምንቀመጠው በአናጢው ግቢ፣ ገና ባልተሸጡ ባለሦስት እግር በርጩማዎች ላይ ነው። ካፌ መምረጥ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ካፌ ውስጥ ጋባዥና ተጋባዥ አለ፣ ከፋዩ ሲናገር ደግሞ ሌላው በይሉኝታ ራሱን ይነቀንቃል። ሰዓቱ ከዐስር ሰላት፣ ማለትም ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው የሙስሊሞች ጸሎት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እስከሚሰገደው መግሪብ ያለው ነው፤ ይህም ክርስቲያኑ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ምሳውን የሚጨርስበት ሲሆን፣ መጨረሻው በአዛን ስለሚታወቅ አንድ ሰው ንግግሩን እስከ ሌሊት የሚጎትትበት ዕድል የለም። ጫት እንዳይገባ የወሰንነውም ገና ከጅምሩ ነው። በጅማ እንዲህ ያለ ውሳኔ ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱን ግን ማንም አልተከራከረበትም፤ በምርቃና ጊዜ ሁሉም ሰው ፈላስፋ ነው፣ በማግስቱ ግን ማን ምን እንዳለ የሚያስታውስ አይገኝም።

ተማሪው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲህ ያለው ጉዳይ የምሁራን ሥራ መሆኑን አጥብቆ ይናገር ነበር። ይሁን እንጂ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት በአቴና የሞት ፍርድ የተፈጸመበት ሶቅራጥስ አንድም ጽሑፍ ትቶ እንዳላለፈና ጥያቄውን የሚያቀርበው በገበያ አደባባይ፣ ከእጅ ባለሙያዎችም ጋር ጭምር እንደ ነበር መምህርቲቱ ሲያስረዱት፣ አናጢው ቀበል አድርጎ «እንግዲያማ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነን» አለ።

ስብሰባው ጸንቶ እንዲቆይ ያደረገው የጥያቄው አቀራረብ ይመስለኛል። «ፍትሕ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ሁሉም ሰው ንግግር ያደርጋል፣ ንግግሩም ያማረ ይሆናል፣ ማንም ግን አይነካም። ስለዚህ ጥያቄ የሚያመጣ ሰው አንድ ሰው በእርግጥ የገጠመውን ጉዳይ፣ የባለጉዳዩን ስም ሳይጠራ፣ ውሳኔ እስከሚያስፈልግበት ነጥብ ድረስ ብቻ ይተርካል፤ ከዚያም እያንዳንዳችን ምክንያታችንን ከመደርደራችን በፊት እኛ በቦታው ብንሆን ምን እንደምናደርግ እንናገራለን። ቅደም ተከተሉ ይህ የሆነበት ምክንያት ሰው ምክንያቱን ካስቀደመ ራሱን ወደሚያስመሰግነው መልስ ስለሚያዘነብል ነው። ሌላው ደንባችን እምነትን ይመለከታል፤ ማንም ሰው ከቁርኣንም ሆነ ከመጽሐፍ ቅዱስ መጥቀስ ይችላል፣ ነገር ግን ያንን እምነት የማይከተል ጎረቤቱ ሊቀበለው የሚችል አንድ ምክንያት ሊጨምርበት ይገባል። ይህ ደንብ እምነትን ያሳንሳል ብለው የሰጉ ነበሩ፤ በተግባር የታየው ግን ሰዎች የገዛ ሃይማኖታቸው ትእዛዝ የቆመበትን ምክንያት ከቀድሞው ጠለቅ አድርገው መመርመራቸው ነው።

ምሳሌያዊ አነጋገርም ጠበቃ ካላገኘ አያልፍም። በአገራችን አንድ ሰው ተረት ከተረተ ክርክሩ እንዳለቀ ይቆጠራል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል በተነሣ ጊዜ የባጃጅ አሽከርካሪው ጥብቅና ቆሞለት ነበር፤ መከራከሪያውም ሹመት አላፊ ስለሆነ፣ ደመወዝም ስለማይበቃ፣ ዘመድም ስለሚጠብቅ ያልበላው ሰው በኋላ ከሁሉም ወገን ተወቃሽ ይሆናል የሚል ነበር። መምህርቲቱ ያቀረቡት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ልጄ፣ የሚበላው የማን ነው?» አባባሉ ስለ በላተኛው ጸጸት እንጂ ስለ ተበላበት ሰው ምንም እንደማይናገር ያን ዕለት አስተዋልን።

ከሁሉም ይልቅ ያከራከረን ጉዳይ በቡና ወቅት፣ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ከጎማና ከማና ወረዳዎች ወደ ከተማ በሚጎርፍበት ጊዜ የቀረበው ነው። አንድ ገበሬ ደረቅ ጀንፈሉን ጭኖ ይመጣል፤ ዋጋ በዚያው ጠዋት መጨመሩን ነጋዴው በስልክ ሰምቷል፣ ገበሬው ግን አልሰማም፤ በትናንቱ ዋጋ ለመሸጥ ራሱ ይጠይቃል። ሚዛኑ ትክክል ነው፣ ቅሸባ የለበትም፣ ውሸትም አልተነገረም። ታዲያ ነጋዴው አዲሱን ዋጋ የመንገር ግዴታ አለበትን? እኔ እንደ ልማዴ በቁጥር ጀመርኩ፤ ልዩነቱ በኪሎ 10 ብር ቢሆን በአንድ ፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ፣ 170 ብር ይሆናል፤ ገበሬው 20 ፈረሱላ ቢያመጣ ደግሞ 3,400 ብር በዝምታ ብቻ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ይሻገራል።

ነርሷ ሳታመነታ መንገር ይገባል አለች። አሽከርካሪው ነጋዴው ለስልኩ፣ ለደላላውና ለድካሙ ከፍሎ ያገኘውን ወሬ በነጻ እንዲያድል ማስገደድ ፍርደ ገምድልነት ነው አለ፤ ነገ ዋጋ ቢወርድ ኪሳራውን ገበሬው ይካፈለዋልን ብሎም ጠየቀ። ይህ ቀላል መከራከሪያ አይደለም፣ ዛሬም ድረስ ሙሉ በሙሉ የመለስነው አይመስለኝም። በዚህ ጊዜ ተማሪው ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ለልጁ በጻፈው ሥራ ያነሣውን ጉዳይ አመጣ፤ በሮድስ ደሴት ረሀብ ገብቶ ሳለ አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ቀድሞ ይደርሳል፣ ሌሎች መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆናቸውንም ያውቃል፤ ይህን ለሕዝቡ ነግሮ በቀነሰ ዋጋ ይሽጥ ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ሁለት ፈላስፎች በዚህ ተለያይተዋል፤ ዲዮጋንስ ዘባቢሎን ሻጩ ሕግ የሚያዝዘውን ካሟላ የሚያውቀውን ሁሉ የመናገር ግዴታ የለበትም ይላል፣ አንቲጳጥሮስ ግን ገዢው ማወቅ የሚገባውን መደበቅ ነውር ነው ይላል፤ ሲሴሮም የሚያደላው ለሁለተኛው ነው።

ሐጂ፣ ማለትም ቡና አቅራቢው፣ ይህን ሁሉ በጸጥታ ሲያዳምጡ ቆይተው ይህ ነገር ለእርሳቸው እንግዳ እንዳልሆነ ተናገሩ። ነቢዩ ነጋዴዎች ሸቀጥ ይዘው የሚመጡ ሰዎችን ገበያ ከመድረሳቸው በፊት በመንገድ ላይ እየተቀበሉ እንዳይገዙ መከልከላቸውን፣ እንዲህ የተገዛበት ባለሸቀጥም ገበያው ደርሶ ዋጋውን ካወቀ በኋላ ሽያጩን የማጽናት ወይም የማፍረስ መብት እንዳለው በሐዲስ መነገሩን አስረዱ። በደንባችን መሠረት የጋራ ምክንያቱን ስንጠይቃቸው የሰጡት መልስ እስካሁን ከሰማኋቸው ሁሉ የተሻለ ነው፤ «ገበሬው እሺ ያለው ባላወቀው ነገር ላይ ነው፤ ባላወቁት ነገር ላይ እሺ ማለት ደግሞ እሺ ማለት አይደለም» አሉ። የአሽከርካሪው መከራከሪያ የሚላላው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ስለ ነገው ዋጋ ገበሬውም ነጋዴውም እኩል አያውቁም፣ ስለ ዛሬው ግን አንዱ ብቻ ያውቃል።

በቀጣዮቹ ሳምንታት ሐጂ የዕለቱን ዋጋ በሰሌዳ ጽፈው በመጋዘናቸው በር ላይ ሰቀሉ፤ አሽከርካሪው ማንበብ የማይችል ገበሬ ምን ይጠቀማል ብሎ ሲሞግታቸው ደግሞ ሚዛን ላይ የቆመው ልጅ ዋጋውን ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲናገር አዘዙ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ የባሰ ሆነ። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው ሥራ ልምድ የሌለውን ደንበኛ የማያታልል፣ ለሕፃን እንኳ ለሁሉም በሚሸጥበት ዋጋ የሚሸጥ ባለሱቅን ይጠቅሳል፤ ባለሱቁ ይህን የሚያደርገው ደንበኛ እንዳይሸሸው ከሆነ ሥራው ከግዴታ ጋር ቢስማማም ከግዴታ የመነጨ አይደለም ይላል። የሐጂ ሰሌዳ ገበሬ ቢያበዛላቸው እውነተኝነታቸው ንግድ ሆነ ማለት ነውን? ነርሷ ገንዘቡ ለገበሬው እስከ ደረሰ ድረስ የነጋዴው ልብ አያሳስበኝም አለች፣ አናጢው ግን አጥብቆ ተቃወማት። እኔ ወደ አናጢው አደላለሁ፤ ምክንያቴም የሒሳብ ሠራተኛ ምክንያት ነው። እውነት መናገርና ማትረፍ አብረው በሚሄዱበት ዘመን ሁለቱን ዓይነት ነጋዴ በመዝገብ መለየት አይቻልም፤ መንገዳቸው በሚለያይበት ቀን ግን አንደኛው ሰሌዳውን ያወርዳል።

ስለ ስኬት የተነጋገርነው በጅሬን ኮረብታ ላይ በሚታየው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የጅማ ንጉሥ የነበሩት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ያለ ጦርነት ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ለረጅም ዘመን ጠብቀዋል፤ ጎረቤታቸው ከፋ ግን ተዋግቶ እ.ኤ.አ. በ1897 ተሸንፏል፣ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾም ተማርከዋል። ማን ተሳካለት? ተማሪው ለክብር መዋጋትን አወደሰ፤ ሐጂ ሕዝቡን ከእልቂት ያተረፈ ንጉሥ ከተዋጊ አያንስም አሉ። መምህርቲቱ ደግሞ በዚያ ዘመን በሂርማታ ገበያ ከቡናና ከማር ጋር ሰዎች በባርነት ይሸጡ እንደ ነበር አስታውሰው፣ የተሸጡት ሰዎች ይህን ክርክር ቢሰሙ የትኛውን ንጉሥ ስኬታማ ይሉ ነበር ብለው ጠየቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ተሳካለት» የሚል ሰው ባለ ቁጥር አንዱ «በማን ወጪ?» ብሎ መጠየቁ ልማድ ሆኗል፤ አልፎ አልፎ ያሰለቻል፣ ግን ይጠቅማል።

ሁሉም ጉዳይ እንዲህ አልበሰለም። ነርሷ ቤተሰብ የበሽተኛውን የካንሰር ምርመራ ውጤት ከራሱ ከበሽተኛው እንድትደብቅ ሲለምናት ምን ማድረግ እንዳለባት ጠይቃ ነበር፤ ካንት ነፍሰ ገዳይን እንኳ መዋሸት አይገባም ማለቱ ለማናችንም አልተዋጠልንም። ያገኘነው ጠቃሚ ነገር መምህርቲቱ ያቀረቡት ሐሳብ ብቻ ነው፤ ሕመምተኛውን «ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ? ለማንስ እንድንነግርልህ ትፈልጋለህ?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ። ነርሷ በሥራዋ ላይ ይህን ማድረግ ጀምራለች።

እንዲህ ያለ ስብሰባ ለመጀመር ለሚያስብ ሰው የምለው በሙያ የማይመሳሰሉ ጥቂት ሰዎችን እንዲፈልግ ነው፤ ሁሉም መምህር ወይም ሁሉም ነጋዴ ከሆነ የሚጠየቀው ጥያቄ አስቀድሞ ይታወቃል። ድምፅ መስጠትም አያስፈልግም፤ እኛ የቆጠርነው ጊዜ የለም፣ ሐጂም ሰሌዳውን የሰቀሉት በብልጫ ተሸንፈው አይደለም። ደግሞም አንድ ሰው ሐሳቡን ሲለውጥ «አላልኩህም!» ማለት የተከለከለ ነው፤ ይህችን ደንብ ያወጣችው ነርሷ ስትሆን፣ ከደንቦቻችን ሁሉ በላይ የምትጣሰውም ይህችው ደንብ ናት።

በአሁኑ ጊዜ የተያዘው ጥያቄ የአናጢው ነው። በርጩማ የሚጠረብበት ዋንዛ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከተጠበቁት አገር በቀል ዛፎች አንዱ ነው፤ ግንዱን የሚያመጣለት ሰው ከገዛ ጓሮዬ ነው ይላል፣ አናጢው ግን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም፣ እርሱ ባይገዛው ደግሞ ጎረቤቱ ይገዛዋል። ተማሪው አትግዛ ይላል፤ አሽከርካሪው የአናጢውን ልጆች ማን ያበላል ይላል፤ ሁላችንም የተቀመጥነው በዚያው በዋንዛ በርጩማ ላይ ስለሆነ ከጉዳዩ ነጻ ነኝ የሚል አልተገኘም። ለመጪው እሑድ ግንድ አምጪውን ራሱን እንድንጋብዝ ሐጂ ሐሳብ አቅርበዋል፣ አናጢውም ሊጠይቀው ተስማምቷል።