በወር ስንት ጨው?

እንግሊዝኛ ሳስተምር የምወዳት አንዲት ታሪክ ነበረችኝ። «ሳላሪ»፣ ማለትም ደመወዝ፣ የሚለው ቃል የመጣው ጨው ማለት ከሆነው የላቲን «ሳል» ነው፤ የሮማ ወታደር ደመወዙን በጨው ይቀበል ነበር እላለሁ። ተማሪዎቼም ያምኑኛል። አያቶቹ በአሞሌ ሲገበያዩ ለኖሩ ሰው ይህ ምን ያስደንቃል?

አንድ ቀን አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ በወር ስንት ጨው ነበር የሚሰጣቸው?» መልስ አልነበረኝም።

ማታውኑ ፍለጋ ጀመርኩ። ቃሉን በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ ተከተልኩት። እንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛ ወሰደው፤ ፈረንሳይኛ ደግሞ ከላቲኑ «ሳላሪዩም»። «ሳላሪዩም» በእርግጥም ከ«ሳል» የወጣ ነው። እስከዚህ ልክ ነበርኩ።

የጨው ክፍያውን ማስረጃ ስፈልግ ግን ነገሩ ተበላሸ። ሁሉም የሚጠቅሱት ሽማግሌውን ፕሊኒን ነው፤ በ79 እ.ኤ.አ. ቬሱቪየስ ተራራ ሲፈነዳ የሞተውን ሮማዊ። «የተፈጥሮ ታሪክ» የተባለውን ሥራውን 31ኛ መጽሐፍ ፈልጌ አነበብኩ። ጨው ከሹመትና ከውትድርና ጋር እንደሚያያዝ፣ «ሳላሪዩም» የሚለው ስምም ከዚያ እንደመጣ ይናገራል። በቃ፣ ይኸው ነው! ለወታደር ጨው ተሰፈረ አይልም። ሌላም የጥንት ጸሐፊ አላለም። «የጨው መግዣ ገንዘብ ነበር» የሚለው ከብዙ ዘመን በኋላ የመጡ የመዝገበ ቃላት ሊቃውንት ግምት ነው።

የወታደሩ ደመወዝ የራሱ ስም ነበረው፤ «ስቲፔንዲዩም»። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «ስታይፔንድ» የምንለው ማለት ነው። በአውግስጦስ ቄሳር ዘመን ተራው ወታደር በዓመት 225 ዲናር ያገኝ ነበር። በብር ሳንቲም እንጂ በጨው አይደለም።

ለዓመታት ያሳሳተኝ አሞሌው ይመስለኛል። የራሴን አገር ታሪክ ሮም ላይ አይቼ፣ ማስረጃ ሳልጠይቅ አመንኩ። አሁን ሁለት ነገር ለየብቻ እጠይቃለሁ፤ ቃሉ ከየትኛው ቃል ወጣ? ስለ አወጣጡ የሚተረከውስ በዘመኑ ሰው ተጽፏል? የመጀመሪያው እውነት መሆኑ ሁለተኛውን እውነት አያደርገውም።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ተሳስቼ እንደነበር ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። ያቺው ልጅ ደግማ «ወታደር ማለት የሆነው ሶልጀር የሚለው ቃልስ? እሱም ከጨው ነው ሲሉ ሰምቻለሁ» አለችኝ። እሱንስ አጣርቼ ነበር የሄድኩት። «ሶልጀር» የመጣው ከ«ሶሊዱስ» ነው፤ ታላቁ ቆስጠንጢኖስ ከአንድ የሮማ ፓውንድ ወርቅ 72 እያደረገ ካስመታው ሳንቲም።