ሬዲዮ የቆጠረው ድምፅ

በጋና ዋና ከተማ አክራ ውስጥ ሬዲዮ የማይሰማበት ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ትሮትሮ በሚሉት ሚኒባስ ታክሲያቸው ሾፌሩ ከፍቶ ነው የሚነዳው። ጠዋት ሩዝና ባቄላ አብራ ቀቅላ የምትሸጠው ሴትዮም ከድስቷ አጠገብ ትንሽ ሬዲዮ አላት። በማለዳ የሚወራው ደግሞ ፖለቲካ ነው፤ በአገሬው ቋንቋዎች በትዊና በጋ፣ እንዲሁም በእንግሊዝኛ። ሚኒስትር ይጠየቃል። አድማጭ ደውሎ «አልተባለም፣ ውሸት ነው» ይለዋል። ታክሲው ውስጥ ወያላው ሳይቀር ክርክሩ ውስጥ ይገባል።

የሄድኩት በእኛ አቆጣጠር በህዳር 2017 መጨረሻ፣ ለምርጫቸው ነው። ብዙ ሰው ጋና ሲባል የሚያስበው የነፃነት መሪዋን ንክሩማን ነው። እኔን ያጓጓኝ ግን ሬዲዮኑ ነበር። (ስለ ጋና የማነሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ያረፍኩበት ኤርፖርት ኮቶካ ይባላል። ኮሎኔል ኮቶካ በ1966 ንክሩማ ውጭ አገር ሳሉ መንግሥታቸው መውደቁን በሬዲዮ ያወጀ መኮንን ነው። ከዚያ ወዲህ ጋናውያን በማርሽ ሙዚቃ መንቃትን ለመዱት። በ1972 ሌላ መኮንን መጣ። በ1979 የአየር ኃይል መኮንኑ ሮውሊንግስ መጣ፣ በ1981 መጨረሻ ቀን ድጋሚ መጣ። ጠመንጃ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ነበር። ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ንጉሡ መውረዳቸውን የሰማነው በሬዲዮ ነው። መንግሥቱ መሄዳቸውንም እንደዚሁ። ቤተሰቦቼ የግንቦት 1983ን ቀናት ሲያወሩ መጀመሪያ የሚያነሱት ከሬዲዮ የሰሙትን ነው።

የመንግሥት ሬዲዮ ጣቢያቸውን ሪንግ ሮድ ላይ ከአጥር ውጭ ቆሜ አየሁት። ሬዲዮ ወደ አክራ የገባው በ1935 ነው፤ በሽቦ ተዘርግቶ ወደ 300 ለሚሆኑ ቤቶች። ያስገባው የእንግሊዝ ገዢ ሰር አርኖልድ ሆድሰን ይባላል። ይህ ሰው ቀደም ሲል ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ ለዓመታት ቆንስል ነበር። ቦረና ምድር የኖረ ሰው የጋናን ሬዲዮ መጀመሩን ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። የ1992 ሕገ መንግሥታቸው ጋዜጣም ሆነ ሌላ መገናኛ ብዙኃን ለማቋቋም ፈቃድ የሚጠይቅ ሕግ አይኖርም ይላል። ጋዜጦች ወዲያው በዙ። አየሩን ግን መንግሥት አልለቀቀም። ታዲያ በ1994 መጨረሻ ዶክተር ቻርልስ ዌሬኮ ብሮቢ «ሬዲዮ አይ» የተባለ ጣቢያ ያለ ፈቃድ ከፈቱ። ብዙም ሳይቆይ ፖሊስ መጥቶ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ሰዎች ተቃውሞ ይዘው አደባባይ ወጡ። ጣቢያው ባይመለስም በሩ ተከፈተ፤ በ1995 ጆይ ኤፍ ኤም ፈቃድ አግኝቶ ሥራ ጀመረ። በ1999 ፒስ ኤፍ ኤም በትዊ መጣ። ለእኔ ትልቁ ለውጥ ይሄ ነው። እንግሊዝኛ የማትናገረው የገበያ ሴት ደውላ ሚኒስትሩን መጠየቅ ቻለች።

ከዚያ የ2000 ምርጫ ደረሰ። በኋላ በምርጫ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሮውሊንግስ ሁለት ጊዜ ተመርጠዋልና መወዳደር አይችሉም። ጣቢያዎቹ ዘጋቢዎቻቸውን ሞባይል አስይዘው ላኩ። ዘጋቢ የሌለበት ቦታ መራጩ ራሱ ይደውላል፤ እዚህ ሳጥን ሊነጥቁ መጡ፣ እዚያ ወታደር ሰው እያስፈራራ ነው ይላል። ውጤቱ ከየምርጫ ጣቢያው በአየር ላይ ይነበባል። ተቃዋሚው ኩፎር በሁለተኛው ዙር አሸነፉ፣ ጃንዋሪ 7 ቀን 2001 ሥልጣን ተረከቡ። በዚያው ዓመት ጋዜጠኛን በስም ማጥፋት የሚያሳስረው የወንጀል ሕግ ተሰረዘ።

ነፃ ሬዲዮ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ክርክሩና ጩኸቱ ነው። እኔም አክራን ከማየቴ በፊት እንደዚያው ነበርኩ። ቅዳሜ ህዳር 28 ያየሁት ግን ሌላ ነው።

የምርጫ ጣቢያው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ነበር። 11 ሰዓት ላይ ምርጫው ተዘጋ፣ ሳጥኑም እዚያው ሕዝብ ፊት ተከፈተ። አስፈጻሚዋ እያንዳንዱን ወረቀት ከፍ አድርጋ ታሳያለች። ሕዝቡ ጮክ ብሎ አብሮ ይቆጥራል። ሲመሽ በስልክ መብራት አበሩላት። ውጤቱ ቅጹ ላይ ሰፈረ፣ የፓርቲ ወኪሎች ፈረሙበት። ቅጹን «ሮዝ ወረቀት» ይሉታል። ጋና ውስጥ እሱን የማያውቅ የለም። የ2012 ምርጫ ውጤት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ችሎቱ ለወራት በቴሌቪዥንና በሬዲዮ በቀጥታ ተላልፏል፤ ክርክሩም በእነዚሁ ወረቀቶች ላይ ነበር።

ከጎኔ አንድ ወጣት የሬዲዮ ዘጋቢ ቆሟል። የያዘው ስልክ ብቻ ነው። ፊርማው እንዳለቀ ደወለ። የምርጫ ጣቢያውን ስም ተናገረ፣ የእያንዳንዱን ዕጩ ቁጥር አነበበ፣ የተበላሸውን ድምፅ ጨመረ። አንድም አስተያየት አልሰጠም። ማን የሚያሸንፍ ይመስልሃል ብዬ ብጠይቀው «ገና ሁለት ጣቢያ ይቀረኛል» ብሎ ሞተሩ ላይ ወጣ። እኔም ሌሊቱን ቁጥር ስሰማ አደርኩ። በማግስቱ እሑድ የገዢው ፓርቲ ዕጩ ባዉሚያ ሽንፈታቸውን ተቀብለው ለተቃዋሚው ዕጩ ለማሃማ ደወሉ። የምርጫ ኮሚሽኑ ይፋ ያደረገው ሰኞ ነው። ሲደመር ሰው ሁሉ የሰማውን ቁጥር በማግስቱ መለወጥ ከባድ ነው፤ የሬዲዮኑ ጉልበት ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

ሁሉም ሰላም ነበር ማለት አይደለም። በምርጫው ቀን የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በ2008ም ልዩነቱ ከ41 ሺህ ድምፅ በታች ሲሆን አንዳንድ የሬዲዮ ጣቢያዎች ደጋፊ ሲያነሳሱ ነበር። ዛሬም ብዙ ጣቢያ ባለቤቱ ፖለቲከኛ ነው። በ2019 ደግሞ አንድ የምርመራ ጋዜጠኛ አክራ ውስጥ በጥይት ተገድሏል።

ከምርጫው በኋላ ወደ አዳ ወረድኩ፤ የቮልታ ወንዝ ባሕር የሚገባበት ቦታ ነው። ሬዲዮ አዳ በ1998 በዳንግሜ ቋንቋ የተጀመረ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው የማኅበረሰብ ሬዲዮ ነው። አድማጩ ዓሣ አጥማጁ፣ ገበሬው፣ ከሐይቁ ጨው የሚለቅመው ነው። በጥር 2022 ስለ ጨው ሐይቁ በሠራው ዘገባ ምክንያት ሰዎች ጣቢያው ውስጥ ገብተው ሠራተኛ ደበደቡ፣ ዕቃ ሰባበሩ። ጣቢያው ተጠግኖ ወደ አየር ተመልሷል።

ወደቡ ላይ መረብ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። አንድ ወጣት አስተረጎመልን። «አባባ፣ እርስዎ ሬዲዮ ላይ ተናግረው ያውቃሉ?» አልኳቸው። ብዙ ጊዜ፣ አሉኝ፤ ስለ ጀልባ ነዳጅ፣ ስለ መረብ። ያኔ የሚጠብቁት የወረዳው አዲስ አስተዳዳሪ ተሹሞ እንግዳ ሆኖ እንዲቀርብ ነበር። ስለ ጨው ሐይቁ የሚጠይቁት ጥያቄ ነበራቸው።