ከእሳቱ እስከ እጣቢው፦ በደብረ ብርሃን ማድ ቤቴ የለወጥኳቸው ልማዶች

አካባቢን የማይጎዳ ማድ ቤት ሲባል አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚያስበው ሳሙናውንና ፌስታሉን ነው። እኔ የጀመርኩት ከእሳቱ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ በመሆኗ የአንድ ቤተሰብ ማድ ቤት ዛፉን፣ መሬቱንና አየሩን በብርቱ የሚነካው በምድጃው በኩል እንጂ በዕቃ ማጠቢያው ሳፋ በኩል አይደለም፤ ፈሳሽ ሳሙና ወደ ቤታችን የሚገባው በጠርሙስ ሲሆን እንጨት፣ ከሰልና ኩበት ግን በሸክምና በጆንያ ይገባሉ። ስለዚህ ገንዘቤንም ጉልበቴንም በቅድሚያ ያዋልኩት ማገዶ በመቀነስ ላይ ነው፤ ጽዳቱ ከዚያ ቀጥሎ፣ የፌስታሉ ጉዳይ ደግሞ በመጨረሻ መጣ።

የከተማችን ከፍታ በወጥ ሠሪ ሥራ ውስጥ ይገባል። በእኛ ዘንድ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ጥቂት አለፍ ሲል ነው፤ ወደ ቆላ በወረዱ ቁጥር ግን የሚፈላበት ሙቀት ወደ 100 ዲግሪ እየተጠጋ ስለሚሄድ እዚያ ባቄላም ሽምብራም ቶሎ ይበስላል። ድስቱ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ማጋጋል ውኃውን በእንፋሎት ያባክነዋል እንጂ ምግቡን አንድ ዲግሪ እንኳ አያሞቀውም። በዚህ ምክንያት ድስቱ መንተክተክ ሲጀምር ማገዶውን ጎተት አድርጌ እሳቱን አበርዳለሁ፤ ክዳኑንም ገጥሜ ቶሎ ቶሎ አልከፍትም። ደረቅ ጥራጥሬ ሁሉ ማታ ይዘፈዘፋል። ፕሬዠር ድስት መግዛት ለቻለ ሰው ደግሞ እንፋሎቱ ታምቆ ሙቀቱ ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚደርስ፣ ለደገኛ ከዚህ የተሻለ ዕቃ አለ ለማለት ይከብደኛል፤ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፣ የእንፋሎት ማውጫውንም ሁልጊዜ በንጽሕና መጠበቅ ግድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የወደድኩት እሳት የማይነድበትን ማብሰያ ነው። አንድ የእንጨት ሣጥን በገብስ ገለባ ሞልቼ መካከሉን በድስቱ ልክ አጎደጎድኩት፤ ለክዳን የሚሆን ገለባ የታጨቀበት ትራስ ሰፋሁለት፤ ከላይ አሮጌ የመንዝ ባና ይደረብበታል። ባና ከበግ ጸጉር የሚሠራ በመሆኑ ሙቀትን አምቆ ይይዛል፤ እረኛን ከጓሳ ብርድ ያዳነ ልብስ ድስትን ማሞቁ የሚያስገርም አይሆንም። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፦ ተዘፍዝፎ ያደረውን ባቄላ ወይም ሽምብራ እሳት ላይ አድርጌ ከፈላ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ቀስ ብሎ እንዲንተከተክ አደርገዋለሁ፤ ከዚያ ክዳኑን ሳልከፍት ከእሳቱ ወደ ሣጥኑ አዛውረዋለሁ፤ ዙሪያውን ገለባ እጠቀጥቅበትና በባናው እሸፍነዋለሁ። ድስቱ ሞላ ያለ መሆን አለበት፤ ግማሽ ድስት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ምስር አንዴ ከገባ በዚያው በስሎ ይወጣል። ባቄላ ግን መሐል ላይ አንድ ጊዜ ወጥቶ እንደገና መፍላት ይፈልጋል። ሽሮ በዚህ መንገድ አይሆንም፤ ካላማሰሉት ይጓጉላል። ሥጋም አላስገባበትም፤ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ በታች ከወረደ ተህዋስያን ስለሚራቡበት፣ ጥራጥሬውንም ቢሆን አሳድሬ አላውቅም፣ ከመቅረቡ በፊትም እንደገና አፈላዋለሁ። ውርጭ በሚወርድባቸው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ሣጥኑን ከሲሚንቶው ወለል አንሥቼ አግዳሚ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ቅዝቃዜው ከታች ስለሚመጣ ይህች ትንሽ ነገር ልዩነት ታመጣለች።

ማገዶ በብዛት የሚያልቀው ግን ወጥ ላይ ሳይሆን እንጀራ ላይ ነው። “ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም” ያሉት አባቶች ስለ ጣዕሙ ልክ ናቸው፤ ስለ እንጨቱ ግን አልተጠየቁም። በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ምጣድ ነበልባሉን ለነፋስ እየሰጠ የሚሞቅ በመሆኑ፣ በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን የተሠራው “ምርጥ” የሚባለው ምድጃ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት ይቆጥባል። ምድጃው ከሲሚንቶና ከአሸዋ፣ ወይም ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድቃቂ ተቀርጾ በቁርጥራጭ የሚመጣ፣ ቤት ውስጥ የሚገጣጠም ነው። ቁጠባው የሚገኘው ከአገጣጠሙና ከአያያዙ መሆኑን በደንብ ያወቅኩት ከተጠቀምኩበት በኋላ ነው። በቁርጥራጮቹ መጋጠሚያና በምጣዱ ጠርዝ በኩል ክፍተት ካለ ነበልባሉ በዚያ ይሾልካል፤ ስለዚህ ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክቼ መርጌዋለሁ፣ በተሰነጠቀ ቁጥርም እደግመዋለሁ። እንጨቱ ቀጭን ሆኖ የተፈለጠና በደንብ የደረቀ መሆን አለበት፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከጉልበቱ ከፊሉን የራሱን ውኃ በማድረቅ ይጨርሳል፣ ጭሱም ለዓይን አይበጅም። ከኋላ በኩል ጭሱ በሚወጣበት ቦታ ሌላ ድስት ስለሚቀመጥበት እንጀራው ሲያልቅ የዕቃ ማጠቢያ ሙቅ ውኃ ያለ ተጨማሪ ማገዶ ይደርሳል። ይህ ሙቅ ውኃ በኋላ ሳሙናዬን ለመቀነስ ከየትኛውም የጽዳት ብልሃት በላይ ጠቅሞኛል።

መብራት ባለበት ቀን የምጋግረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከዘጠና በመቶ በላይ ከውኃ ኃይል የሚመነጭ ስለሆነ ከጭሱም ከደኑም አንጻር ይመረጣል። ይሁን እንጂ ምጣዱ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ የሚስብ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ኃይል የሚያልቀው እንጀራውን ሳይሆን ሸክላውን በማሞቅ ነው። ለጥቂት እንጀራ ብሎ ምጣድ ማስማት ኪሳራ ነው። ይህን ለጎረቤቴ ባነሣሁላቸው ጊዜ፦ “እትዬ፣ እርስዎ ይቅደሙ፤ ምጣዱ ሳይቀዘቅዝ እኔ እከተልዎታለሁ” አልኳቸው። እሳቸውም፦ “ሊጥሽ እንዳይኮመጥጥብሽ እንጂ ለእኔስ በጀኝ” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሳምንት በእሳቸው፣ አንድ ሳምንት በእኔ ምጣድ እንጋግራለን፤ የአብሲታችንንም ሰዓት እያጣጣምን እናደርገዋለን። ምጣዱ ከጠፋ በኋላ በሚቀረው ሙቀት የተረፈውን እንጀራ ድርቆሽ አደርገዋለሁ።

ኩበትን በተመለከተ ከእናቴ ጋር ብዙ ተነጋግረናል። መንዝ ውስጥ ዛፍ በተራቆተበት ደጋ ላይ ላደገ ሰው ኩበት ነውር የለበትም፤ ያለ እሱ ክረምት አይታለፍም። ሆኖም ፍግ ሲነድድ ለአፈሩ ሊመለስ ይችል የነበረው ናይትሮጅንና ብስባሽ አብሮ ይጠፋል፤ በአመዱ ውስጥ የሚቀረው ፖታሽየሙና ፎስፎረሱ ነው። እናቴ ይህን በራሷ አነጋገር፦ “የገብሱን ቀለብ ነው የምናነደው” ትላለች። እኔ ከተማ ውስጥ ሆኜ ለገበሬ ኩበት አታንድድ ማለት አይገባኝም፤ አማራጭ ያለው ግን ከአማራጩ ቢጀምር ደግ ነው፤ እኔም ኩበት የምገዛው ሌላው ሁሉ ሲቸግር ብቻ እንዲሆን ወስኛለሁ።

ከሰል ከቡና ጋር የተያያዘ በመሆኑ ጨርሼ አላስቀረሁትም። በባህላዊው አከሳሰል አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት ኪሎ የማያንስ እንጨት ስለሚያልቅ፣ በቆርቆሮ ምድጃ ፈንታ ውስጡ ሸክላ የሆነውን “ላቀች” የሚባል የከሰል ምድጃ እጠቀማለሁ፤ ቁጠባውም ሩብ ያህል ይደርሳል። ሦስተኛው ቡና ሲወርድ የቀረውን ፍም በአመድ አዳፍኜ አኖረዋለሁ ወይም ክዳን ባለው ቆርቆሮ አፍኜ አጠፋዋለሁ፤ የጠፋው ከሰል በማግስቱ ያገለግላል። በፌስታል እሳት ማያያዝን ግን ከቤቴ ጨርሼ ከልክያለሁ፤ የሚወጣው ጭስ መርዛማ ነው፣ በስኒው ላይም ይሸታል። የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅርፊትና የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ሥራውን ከፌስታል ባልተናነሰ ፍጥነት ይሠሩታል። ሌሊቱ ሲበርድ ፍም መኝታ ቤት ማስገባት ደግሞ በየዓመቱ ሰው የሚገድል ልማድ ነው፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ሽታም ጭስም የለውም፣ የተኛ ሰውም አይነቃበትም።

ወደ ጽዳቱ ስመጣ መጀመሪያ የተመለስኩት ወደ አመድ ነው። እናቴ ይህን በእርሳስ ማስታወሻ ስይዝ አይታኝ፦ “እናንተ ከተሜዎች አመድን ዛሬ አገኛችሁት?” ብላ ስቃብኛለች። የእንጨት አመድ በውስጡ ያለው ፖታሽ ከቅባት ጋር ሲገናኝ ወደ ሳሙናነት ያዘነበለ ነገር ይሆናል፣ ድቃቁ ደግሞ ጥላሸቱን ይፈገፍጋል። በቀጭን ወንፊት እነፋዋለሁ፤ ያልተነፋ አመድ ውስጥ ያለ ጠጠርና ከሰል ዕቃ ይጫጫራል። ቀጥሎ ቃጫ አርሼ አመዱን እየነካሁ ድስቱን በክብ እፈትገዋለሁ፤ በመጨረሻ በሙቅ ውኃ ይለቀለቃል። ፕላስቲክ የሆነውን እስፖንጅ በዚህ ቃጫ ተክቼዋለሁ፤ ሲያልቅም ብስባሽ ውስጥ ይገባል። ለብረት ድስት፣ ለማንቆርቆሪያና ለሸክላ አመድ ጥሩ ነው። ለአሉሚኒየም ግን አይሆንም፤ የአመድ ውኃ አሉሚኒየምን ይበላዋል፣ ያጠቁረዋልም። ለአሉሚኒየም የተጨመቀ ሎሚ ልጣጩ ይበቃዋል። እጄም በአመድ ውኃ ስለሚደርቅ ከሥራው በኋላ ቅባት እቀባለሁ። ፕላስቲክ ወይም ቀለም የተቀባ ጣውላ የነደደበት አመድ ለዕቃ አይውልም።

የጠላ ጋኑንና እንስራውን በግራዋ ቅጠል አሽቼ አጥቤ በወይራ ወይም በጥንጁት ጭስ ማጠን ከድሮም ያልተውነው ነገር ስለሆነ የምጨምረው የለኝም፤ ለጋን ሳሙና አስፈልጎ አያውቅም።

እንዶድን ግን ከዕቃ ማጠቢያነት አውጥቼዋለሁ፤ ለጋቢና ለነጠላ ብቻ ነው የማውለው። የተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም የሚለው ሐሳብ በእንዶድ ላይ አይሠራም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው ተክሉ የቢልሃርዝያ አስተላላፊዎቹን እንደሚገድል የደረሱበት፤ ያው ኃይሉ ዓሣንም ይገድላል፣ ሰው ከዋጠውም ይመርዛል። ስለዚህ የእንዶዱ እጣቢ ወደ በሬሳ ወንዝ በሚወስደው ቦይ ሳይሆን ከውኃ ርቆ አፈር ላይ ይደፋል። በረኪናን ደግሞ ለመጸዳጃ ቤት ብቻ አስቀርቻለሁ። ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ቢገናኝ የክሎሪን ጋዝ ስለሚያወጣ ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ ላይ እንኳ አይቀመጡም። ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ አብሮ መቀላቀልም፣ አረፋው ዓይን ቢማርክም፣ እርስ በርሳቸው ኃይላቸውን ያጠፋፋሉ፤ ለየብቻ ሲውሉ ይሻላሉ።

የውኃው ነገር ቀላል ነው። የወጥ ድስት ከመታጠቡ በፊት በተረፈ የእንጀራ ቁራጭ ይጠረጋል፤ ብርጭቆና ስኒ ቀድሞ፣ ቅባት ያለው ዕቃ በመጨረሻ ይታጠባል፤ ሳሙና ያልነካው እጣቢ ለጎመኑና ለጌሾው ይሄዳል።

ፌስታልን በተመለከተ ሕጉም እየመጣልን ነው፦ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ስስ ፌስታልን ይገድብ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ደግሞ የአንድ ጊዜ መጠቀሚያ ፌስታልን ይከለክላል። እኔ ዘንቢል፣ ለድንችና ለሽንኩርት የሚሆን የአቡጀዲ ከረጢት፣ ለወተት ደግሞ ክዳን ያለው ዕቃ ይዤ ነው ገበያ የምወጣው። ያስቸገረኝ እንጀራው ነበር፤ በበጋው ደረቅ አየር መሶብ ውስጥ ያለ ሽፋን ቶሎ ይደርቃል። ከሥርም ከላይም ወፈር ያለ የጥጥ ጨርቅ ሳደርግበት በፌስታል ከተጠቀለለው ያልተናነሰ ይቆያል፤ እንዲያውም ላብ ስለማይዘው ቶሎ አይሻግትም።

ልጣጩ፣ የቡናው አተላና የጎመኑ ግንድ ጓሮ ባለው ጉድጓድ ይበሰብሳል። በእኛ ብርድ ብስባሽ ከቆላው ይልቅ ዘግይቶ ስለሚደርስ ሁለት ጉድጓድ እያፈራረቁ መያዝ ይጠቅማል፤ አንዱ ሲበስል ሌላው ይሞላል። አመድ በስሱ ብቻ ይነሰነስበታል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን አይገባበትም፤ የሌላውን ተክል እድገት ይገታል። የጠላ አተላ ላም ላላቸው ጎረቤት ይሄዳል፤ እሳቸውም በፈንታው እበት ለጉድጓዱ ይሰጡኛል።

ያልተፈታልኝ ክረምቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መብራት ደጋግሞ ይጠፋል፣ እንጨቱ ይርሳል፣ ጭሱም ቤቱን ይሞላል። ስለዚህ ፍልጥ በግንቦት ገዝቼ ከጣራው ሥር ከመሬት ከፍ አድርጌ እደረድራለሁ፤ ያም ሲያልቅ አንድ ጆንያ ኩበት ከመግዛት አልድንም። ለሚመጣው ክረምት ያቀድኩት የማድ ቤቱን ጣራ ቀድጄ ለምድጃው የጭስ መውጫ ቧንቧ ማስገባት ነው፤ አናጢው ዋጋውን ነግሮኛል፣ ቆርቆሮውም ተገዝቷል።