አዲስ የገባች ዶሮ አትታሰር

ከገበያ የተገዛች ዶሮ ቤት ስትደርስ መጀመሪያ የሚጠብቃት ገመድ ነው። አንድ እግሯ ይታሰርና ከምሰሶ ጋር ትቋጠራለች፤ ቤቱን እስክትለምድ ነው ይባላል። ግቢው ውስጥ ሌላ ዶሮ ከሌለ ብዙም ጉዳት የለውም፣ እንዳትጠፋም ይረዳል። ነባር ዶሮዎች ባሉበት ግቢ ግን ይሄው ልማድ አዲሷን ለዱላ አሳልፎ ይሰጣታል። ሀዋሳ ውስጥ በእንስሳት ሕክምና ስሠራ የተነቆረች ዶሮ ማየት ብርቄ አይደለም። ነገሩን አጥብቄ እንድይዘው ያደረገኝ ግን አቶቴ አካባቢ ያጋጠመኝ ነው።

ጾም ሲገባ ዶሮ ይረክሳል። አንዲት እናት ይህን ጊዜ ጠብቀው ቦቫንስ ከሚባለው የእንቁላል ጣይ ዝርያ ሦስት ቄቦች ገዙ። ግቢያቸው ውስጥ አምስት የሀበሻ ዶሮዎች ነበሯቸው። «ልጄ፣ ዶሮዬን በቁሟ ሊበሏት ነው፤ ቶሎ ድረስልኝ» ብለው ደወሉ። ለልምምድ ከተመደበልን ተማሪ ጋር በባጃጅ ሄድን።

ሦስቱም ቄቦች ታስረዋል። ሁለቱ በረንዳ ላይ ሲሆኑ አንዷ ከማድ ቤቱ ምሰሶ ጋር ነበረች። ይቺኛዋ ለማምለጥ ስትዞር ሲባጎው ምሰሶው ላይ ተጠምጥሞ አልቆ፣ የቀራት አንድ ስንዝር ያህል ነው። ራሷን በከሰል ማዳበሪያውና በግድግዳው መሃል ወሽቃለች። ከጅራቷ በላይ ላባ የሚባል አልቀረም፤ ቆዳው ተገልጦ ይደማል። ቆመን እያየን አንዲት ጥቁር ዶሮ ሳትቸኩል መጣች፣ አንገቷን አዘንብላ ቁስሉን አየችው፣ እዚያው ላይ ነቆረችና ወደ ጥሬዋ ተመለሰች። ወዲያው ሌላዋ ተከተለች፤ ከዚያ ሌላዋ።

«ክፉዋ ጥቁሯ ናት። ጾሙ ሲፈታ ቢላዋ ነው የሚጠብቃት» አሉ እናት። ተማሪው በበኩሉ የጥቁሯን ምንቃር ጫፉን እንቁረጠው አለኝ፤ ትልልቅ እርባታዎች ውስጥ ሲደረግ አይቷል። በሁለቱም አልተስማማሁም። የምንቃር ጫፍ ነርቭ አለው፣ ሲቆረጥ ያማል። በዚያ ላይ የጥቁሯ ምንቃር ቢቆረጥ የተቀሩት አራቱስ?

ዶሮዎች አብረው ሲኖሩ ማን ማንን እንደሚነቁር፣ ማን ቀድሞ እንደሚበላ ተራ አላቸው። ይህን መጀመሪያ አጥንቶ የጻፈው ኖርዌያዊው ቶርሌፍ ሼልደሩፕ ኤበ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1921። አዲስ ስትገባ ተራው ስለሚናጋ ነባሮቹ ይፈትኗታል። ብዙውን ጊዜ ነገሩ በጥቂት ንቁሪያ ያልቃል፦ የተነቆረችው ዞራ ትሸሻለች፣ የነቆረችውም እንደተሸነፈችላት ተረድታ ትተዋታለች። የታሰረች ዶሮ ግን ወዴት ትሽሽ? ስላልሸሸች ንቁሪያው አያባራም። ደም ከታየ ደግሞ ቀዩ ነገር ስለሚስባቸው ሰላማዊ የነበሩትም ይጨመራሉ። ጥቁሯ ጀመረችው እንጂ ቁስሉን ያን ያህል ያሰፋው ገመዱ ነው። ለእናትየውም ይህንኑ ነገርኳቸው።

ሲባጎውን ቆረጥን። ቁስሉን በጨው ውሃ አጥበን ሰማያዊውን የቁስል ስፕሬይ ነፋንበት፤ ስፕሬዩ ቀዩን ቀለም ስለሚሸፍን በዚያም ይጠቅማል። ሦስቱንም ባዶ ወደነበረው የማገዶ ክፍል አስገባናቸው፣ የቆሰለችውን ጓደኞቿን እያየች እንዳይነኳት በሽቦ ለይተን። ፈንግል ተከትበው እንደሆነ ስጠይቅ ሻጩ አልተናገረም አሉ። ከገበያ የመጣች ዶሮ በሽታ ይዛ ልትመጣ ስለምትችል ቢያንስ ሁለት ሳምንት ከነባሮቹ ርቃ፣ በራሷ መመገቢያና መጠጫ መቆየት አለባት። ጤነኛ የምትመስለውም ብትሆን።

እነሱ ተለይተው በሚቆዩበት ጊዜ የዶሮ ቤቱን አየሁት። ያለው ቆጥ አንድ አጠና ነው፣ ከሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። አንድ ዶሮ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ትፈልጋለች፤ ለስምንት ዶሮ 1 ሜትር ከ60 ማለት ነው። ማታ ማታ ቦታ ያጣች ዶሮ ተገፍታ መውደቋ አይቀርም። መመገቢያውም አንድ ነው፤ የተቆረጠ ጀሪካን። ጥቁሯ እዚያ ከቆመች ማንም አይደፍርም። ተጨማሪ አጠና አስመታን። መመገቢያውን ሦስት፣ መጠጫውን ሁለት አድርገን አንዷ በአንድ ቦታ ቆማ ሁሉንም መጠበቅ እንዳትችል አራርቀን አስቀመጥናቸው። ውሃው በተለይ ያሳስበኛል። በሀዋሳ የቀትር ሙቀት ከመጠጫ የተባረረች ዶሮ ቁስል ባይኖርባትም ትጎዳለች።

መኖው ባብዛኛው ፉርሽካ ነበር። ፕሮቲንና ጨው ያነሳት ዶሮ የሌላዋን ላባ መንቀል ትጀምራለች፤ ስለዚህ የኑግ ፋጉሎና የእንቁላል ጣይ መኖ እንዲጨምሩበት ነገርኳቸው።

የመለያው ጊዜ ካለፈና ቁስሉም ከደረቀ በኋላ ግቢው ጥግ ላይ በአጠናና በዶሮ ሽቦ አጥረን ሦስቱን እዚያ አወረድናቸው። መኖውን ከሽቦው ወዲህና ወዲያ አቀራርበን ስላደረግነው እየተያዩ ይበላሉ፣ መነካካት ግን አይችሉም። መጀመሪያ ጥቁሯ ሽቦውን ትነቁር ነበር። ሳምንት አለፍ ሲል ጀርባዋን ሰጥታቸው መልቀም ጀመረች። እኔ የምጠብቀው ይህን ነው፤ እስኪሰለቻቸው ሳይጠበቅ ሽቦው ቢነሳ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

አዲሷን ማታ ቆጥ ላይ ብታስቀምጧት ጠዋት እንደ ቤተኛ ትነሳለች የሚሉ አሉ። ከሽቦው በኋላ ከሆነ ይረዳል። ያለ ሽቦ ግን ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ሳይነሳ፣ በሩ እንደተዘጋ መነቋቆር ይጀምራሉ፤ መሸሻም የለም። እኛ የለቀቅናቸው በሰፊው ግቢ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እናትየው ወንበር ይዘው ተቀምጠው ነው። በቆሎ ክክ በየቦታው በትነን፣ ጎመን በራሳቸው ከፍታ ልክ አንጠለጠልን፤ እሱን ለመሞጨር ሲሉ ከመነቋቆሩ ይዘናጋሉ። የግራር ቅርንጫፍና አሮጌ የለስላሳ ሳጥን መሸሸጊያ እንዲሆኑ አስቀመጥን። መሸሸጊያው በሁለት በኩል መውጫ ይኑረው፤ መውጫው አንድ ከሆነ ዶሮዋ እዚያው ውስጥ ትያዛለች።

ከነባሮቹ አራቱ ወዲያው ተረጋጉ ማለት ይቻላል። ጥቁሯ ግን የዳነችውን ቄብ እየመረጠች ማሳደድ አልተወችም። እናትየው ቄቧን መልሰን እንለያት አሉ። አይደለም አልኳቸው፤ የምትለየው አሳዳጇ ናት። ተጠቂዋ ከተለየች ስትመለስ እንደገና እንግዳ ትሆናለች። ጥቁሯን በዚያው በሽቦው ውስጥ ለጥቂት ቀን አስቀመጥናት። ስትወጣ ተራው ያለ እሷ ተደልድሎ ስለጠበቃት እንደ ድሮዋ መግዛት አልቻለችም።

አሁንም መኖ ሲቀርብ አንዳንዴ ትነቁራለች። ይህን ተዉት ብያቸዋለሁ። ደም እስካልወጣ፣ የተነቆረችውም መብላትና መጠጣት እስካልተከለከለች ድረስ ሰው መግባት የለበትም። ከቢላዋው ግን ተርፋለች፤ ጫጩት በማሳደግ ከሁሉም የምትበልጠው እሷ መሆኗን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው።

ሰሞኑን ደግሞ ሳሶ ከሚባለው ዝርያ አንዲት ዶሮ ልጨምር አሉኝ። አንድ ብቻ አይግዙ አልኳቸው፤ ብቻዋን የገባች የአምስትና የስድስት ዶሮ ንቁሪያ ብቻዋን ትሸከማለች። ሁለት ወይም ሦስት አንድ ላይ ይግቡ፣ ክትባታቸው ይጠየቅ፣ ከዚያም መለያው ክፍልና ሽቦው እንደገና ከመጀመሪያው።