ከወንጂ የመጣው ካርቶን፦ ኦርጅናል የጃዝ ሸክላ መለየት እንዴት ተማርኩ

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ቆራሌው እየጮኸ በሰፈራችን ያልፋል። ቁርስ ላይ ነበርኩ። ባለቤቴ ከበሩ ጠራችኝ። «ና እስቲ፣ ያንተ ነገር ሳይሆን አይቀርም» አለች። ስወጣ በእጅ ጋሪው ላይ፣ ከዛገ ቆርቆሮና እግሩ ከተሰበረ ወንበር ሥር፣ አንድ የተቀደደ ካርቶን አየሁ። ውስጡ ሸክላ ነው። ቆጠርኩት፤ 31።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ከወንጂ ነው ጋሼ። ቤት ሲያድሱ አውጥተው ሰጡን።»

በ800 ብር ተስማማን። ካርቶኑን ታቅፌ ስገባ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ ለመረዳት ከዚያ በፊት የደረሰብኝን መስማት ያስፈልጋል። ከአራት ወር በፊት አንድ ሻጭ በስልክ ፎቶ ላከልኝ። የሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ነው። ይህ አልበም በ1972 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ወርዚ በሚባል አሳታሚ የወጣ ነው። ሻጩ «የዚያን ጊዜው ራሱ ነው፣ ኦርጅናል» አለኝ። 6,500 ብር ከፈልኩ። ሸክላው ደረሰኝ፤ ያምራል። አንድ ጭረት የለበትም። የጠረጠርኩትም ለዚህ ነው። 50 ዓመት የኖረ ሸክላ እንዴት ነው የጣት አሻራ እንኳ የማይኖረው? ከሽፋኑ ጀርባ ጥግ ላይ የዋጋ ወረቀት ተለጥፏል። በጥፍሬ ቀስ ብዬ አነሳሁት። ከሥሩ ባርኮድ ወጣ።

ባርኮድ የሸክላ ሽፋን ላይ መታየት የጀመረው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገደማ ነው። በ1972 በታተመ ሽፋን ላይ ሊኖር አይችልም። አልበሙ በቅርብ ዓመታት፣ ለምሳሌ በ2017 እ.ኤ.አ. ስትራት በሚባል አሳታሚ፣ ዳግም መታተሙን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ዳግም ህትመት ምንም ነውር የለበትም። ሙዚቃውን ለአዲስ ጆሮ ያደርሳል። እኔን ያቃጠለኝ ተለጣፊው ወረቀት ነው። አንድ ሰው ሆን ብሎ እዚያ ቦታ ላይ ለጥፎታል።

ስለዚህ የወንጂው ካርቶን ሲገባ ለራሴ ቃል ገባሁ። ሽፋን አላምንም፣ የሻጭ ወሬም አላምንም። ሸክላውን ራሱን አነባለሁ።

የሚነበበው የት ነው? የመጨረሻው ዘፈን አልቆ መርፌው ወደ መሃል ሲንሸራተት የሚያልፍበት ባዶ ቀለበት አለ። በመስመሮቹና በወረቀቱ ሌብል መካከል ያለው ለስላሳ ጥቁር ቦታ ማለቴ ነው። እዚያ ላይ ቁጥርና ፊደል ተቀርጿል። ሸክላ ሲያጫውት የኖረ ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ አያስተውለውም። ፊት ለፊት በበራ መብራት አይታይማ። እኔ ማታ የሳሎኑን መብራት አጠፋሁ። የስልኬን ባትሪ አብርቼ ከሸክላው ጎን፣ ከጠረጴዛው እኩል ዝቅ አድርጌ አስቀመጥኩት። ሸክላውን ጠርዙን በመዳፎቼ ይዤ፣ መስመሮቹን ሳልነካ፣ ቀስ እያልኩ አዞርኩት። መጀመሪያ አቧራ ብቻ ነው የታየኝ። ትንሽ ሲዞር ጭረት የመሰለ ነገር ብልጭ አለ። ጭረት አይደለም፤ ቁጥር ነው። አንድ ሰው በእጁ በሹል ነገር የጻፈው ቁጥር፣ ሰባቱ ወደ ቀኝ ያዘነበለ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። እሷም ጎንበስ ብላ ዝም ብላ አየችው።

ይህ ጽሑፍ ከየት እንደሚመጣ ከገባችሁ ሌላው ሁሉ ይቀላል። ሙዚቃው በመጀመሪያ ላከር በተቀባ የአልሙኒየም ዝርግ ላይ በማሽን ይቆረጣል። በዚያን ጊዜ ባዶው ቀለበት ላይ መለያ ቁጥር ይጻፍበታል። ከዚያ ላከሩ ብረት ይለብስና ከእሱ ቅጂ ይወሰዳል። ከቅጂው ደግሞ ማህተም ይሠራል። ትኩሱን ፕላስቲክ ተጭኖ ሸክላ የሚያወጣው ያ ማህተም ነው። ስለዚህ ላከሩ ላይ የተጻፈው ነገር ከማህተሙ በሚወጣው እያንዳንዱ ሸክላ ላይ ይታያል። ሽፋን ሊቀየር ይችላል። ሌብልም ሌላ ሊለጠፍ ይችላል። ያ ጽሑፍ ግን ከድምፁ ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

ከካርቶኑ ልቤን የሰቀለው የአሜሪካዊው የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች የዴቭ ብሩቤክ «ታይም አውት» ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኮሎምቢያ የሚባለው የአሜሪካ አሳታሚ ያወጣው፣ በአምስት ምት የሚሄደው «ቴክ ፋይቭ» ያለበት አልበም። የአሜሪካው የመጀመሪያ ህትመት ሌብሉ ላይ ዓይን የሚመስሉ ስድስት ምልክቶች አሉት። ሰብሳቢዎች «ስድስት ዓይን» ይሉታል። ቁጥሩ ለሞኖው ሲኤል 1397፣ ለስቴሪዮው ሲኤስ 8192 ነው። የእኔን ገለበጥኩት። ዓይን የሚባል ነገር የለም። ሌብሉ «ፎንታና» ይላል። ዝቅ ብሎ በእንግሊዝኛ «በሆላንድ የተሠራ» ይላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሌብሉ ጠርዝ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ 14 ተጽፎበታል። አዘንኩ። ፎርጅድ ነው፣ እሱም የተበላሸ፣ ብዬ ደመደምኩ።

ከእኛ ቤት ሁለት በር አልፎ የሚኖሩ አንድ ጋሼ አሉ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጡረተኛ መካኒክ ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ ሆላንድ ቢል ምን ይገርምሃል? ወንጂን የሠራው ማን ሆነና!»

እውነታቸውን ነው። የወንጂ ፋብሪካ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ባለቤቱም ኤችቪኤ የሚባል የሆላንድ ኩባንያ ነበር። ሰዎቹ ከነቤተሰባቸው መጥተው እዚያ ኖሩ። ዕቃቸውን ይዘው መጡ፤ ከዕቃቸው ጋር ሸክላቸውን። በደርግ ጊዜ ፋብሪካው ሲወረስ ሄዱ። ሸክላው ቀረ።

ይህን ይዤ ስቆፍር የቀረው ተገለጠልኝ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ ሙዚቃውን በአውሮፓ የሚያወጣው በሆላንዱ ፊሊፕስ በኩል ነበር። ፎንታና ፊሊፕስ ሸክላ የሚያወጣበት ሌላኛው ስም ነው። ውላቸው በ1960ዎቹ መጀመሪያ አበቃ። ከዚያ በኋላ እነዚያው አልበሞች በአውሮፓ በኮሎምቢያ እናት ኩባንያ በሲቢኤስ ስም ነው የወጡት። ታዲያ የእኔ ሸክላ ላይ ያለው የፎንታና ስም ራሱ ዕድሜውን ይናገራል ማለት ነው። የአሜሪካ የመጀመሪያ ህትመት አይደለም። ግን የዚያው ዘመን የአውሮፓ ህትመት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሰው «ኦርጅናል ነው» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «የየት አገር ኦርጅናል?» ብዬ ነው። በዋጋ ደረጃ ልዩነቱ ሰፊ ነው። የአሜሪካ አልበም ሲሆን የአሜሪካው የመጀመሪያ ህትመት ነው በጣም የሚፈለገው።

ብሉ ኖት የሚባለው የኒውዮርክ የጃዝ አሳታሚ ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት ነው። አንድ የአዲስ አበባ ጓደኛዬ የሆረስ ሲልቨርን «ሶንግ ፎር ማይ ፋዘር» ሊገዛ ተስማምቶ፣ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ሸክላውን ይዞት አዳማ መጣ። በ1965 እ.ኤ.አ. የወጣ አልበም ነው። አብረን ቁጭ ብለን አነበብነው።

የብሉ ኖት ሌብል አድራሻ ይጽፋል፤ አድራሻው ደግሞ ከዘመን ዘመን ይለያያል። በ1950ዎቹ አጋማሽ የሌክሲንግተን ጎዳና፣ ቀጥሎ 47 ዌስት 63ኛ፣ ከ1962 ገደማ ጀምሮ ኒውዮርክ ዩኤስኤ ብቻ። በ1966 ኩባንያው ሊበርቲ ለሚባል ሌላ አሳታሚ ሲሸጥ የሊበርቲ ስም ገባበት። የጓደኛዬ ሸክላ ኒውዮርክ ዩኤስኤ ይላል። ለ1965 ትክክል ነው። ቀለበቱ ላይ የድምፅ ባለሙያው የሩዲ ቫን ጌልደር ስም በማህተም ተመትቷል። ይህም ትክክል ነው። ጓደኛዬ ፊቱ በርቶ ነበር።

አንድ ነገር ቀረ፤ «ጆሮው»። ብሉ ኖት እስከ ሽያጩ ድረስ ሸክላውን የሚያሳትመው ኒውጀርሲ ባለ ፕላስቲላይት በሚባል ፋብሪካ ነበር። የፋብሪካው ምልክት በእጅ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ፒ ሲሆን፣ ጆሮ ስለሚመስል ሰብሳቢዎች ጆሮ ይሉታል። መብራቱን ዝቅ አድርገን ሁለቱንም ገጽ ሦስት ጊዜ አዞርን። የለም። ሊበርቲ ኩባንያውን ሲገዛ የተረፉትን የድሮ ሌብሎችና ሽፋኖች አልጣላቸውም፤ በሌላ ፋብሪካ በታተሙ ሸክላዎች ላይ ጨረሳቸው። ሌብሉ የ1965፣ ሽፋኑ የ1965፣ ሸክላው ግን ከ1966 ወዲህ። ጓደኛዬ ሸክላውን አልመለሰውም። ሻጩን ደውሎ እውነቱን ነገረውና በግማሽ ዋጋ ገዛው። ድምፁ የተቆረጠው በዚያው በቫን ጌልደር እጅ ስለሆነ አብረን ስንሰማው ምንም አልጎደለብንም።

ብዙ ሰው ስለ ጥልቁ ቦይም ይጠይቀኛል። ሌብሉ ላይ፣ ከመሃሉ ቀዳዳ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በጣት ሲዳሰስ የሚታወቅ ክብ ጉድጓድ ነው። በ1950ዎቹ የነበሩ ማተሚያዎች የሚተዉት አሻራ ነው። ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን ለብቻው አይመስክር። አሮጌ የማተሚያ ክፍል ኋላም ሲሠራበት ቆይቷል። ኢምፐልስ የሚባለው ሌላው የጃዝ አሳታሚ ደግሞ ለዓይን ይቀላል። የ1960ዎቹ ሌብል ብርቱካናማና ጥቁር ነው፤ ወደ አሥርቱ ዓመት መጨረሻ ቀይና ጥቁር ሆነ።

እኛን ለይቶ የሚያሳስት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ዓመተ ምህረት ነው። አንድ ሰው የሙላቱን ሸክላ ይዞ «የ66 ነው» ካላችሁ ወዲያው አትስማሙ። ሙላቱ ኒውዮርክ ውስጥ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉትን ሁለት አልበሞች ያወጣው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። አምሃ ሪከርድስ ያሳተመው «የካቲት ኢትዮ ጃዝ» ደግሞ የ1974 እ.ኤ.አ. ነው። የካቲት 1966 ዓ.ም. ማለት 1974 አይደል? አንዱን ይዞ «66» ያለም፣ ሌላውን ይዞ «66» ያለም አልዋሸም። በመካከላቸው ግን ስምንት ዓመት፣ ሁለት አሳታሚና ሁለት አገር አለ። እኔ አሁን ዓመት ሲነገረኝ «በማን አቆጣጠር?» ሳልል አላልፍም።

የአገራችን ሸክላ ሲሆን አንድ ተጨማሪ ነገር አስቡ። የአምሃ ሪከርድስ መሥራች አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር እዚህ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ አልነበረም። ቅጂው ወደ ውጭ ተልኮ ነበር የሚታተመው፤ መጀመሪያ ህንድ፣ በኋላ ሊባኖስ። ስለዚህ የውጭ አገር ስም ስላያችሁ ብቻ ፎርጅድ ነው አትበሉ። እኔ በሆላንዱ ሸክላ የሠራሁትን ስህተት አትድገሙት።

ስለ አያያዝ አጭር ቃል። አዳማ ሙቀቷን ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮ ሥር የተነባበረ ሸክላ በአንድ በጋ ይጣመማል። አቁሙት፣ እንደ መጽሐፍ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ግድግዳ በኩል። ሳጥበው ከፋርማሲ የገዛሁትን የተጣራ ውሃና ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቀማለሁ። ሌብሉን ውሃ አላስነካም። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩትን ጥንታዊ ሸክላዎች ግን በአልኮል እንዳትነኩ፤ የተሠሩበትን ሙጫ ያሟሟዋል።

ከታጠቡት መጀመሪያ ያጫወትኩት «ታይም አውት»ን ነው። ጋሼን ጠራኋቸው። ቡና እየተፈላ ነበር። «ቴክ ፋይቭ» ሲደርስ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ሸክላው ሲያልቅ አምጣው አሉኝና ሌብሉን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈውን 14 በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ይሄ የክበቡ ቁጥር ነው» አሉኝ።

«የምን ክበብ?»

«የፈረንጆቹ ነዋ። ቅዳሜ ማታ ይጨፍሩ ነበር። ማጫወቻው ሲበላሽ እኔን ነበር የሚጠሩኝ። ጠግኜ ስወጣ በሩ ይዘጋል። ውጭ ቆሜ ነበር ይሄን የምሰማው።»

ዝም አልኩ። ምን እንደምል አላወቅኩም።

«ድገመው እስቲ» አሉኝ።

ደገምኩት። ማታ ካርቶኑን በሙሉ አውጥቼ ሌብሎቹን አንድ በአንድ አየሁ። ከ31ዱ ዘጠኙ ላይ ያ ሰማያዊ ቁጥር አለ። ትልቁ 63 ነው። አሁን ቆራሌው በሰፈራችን ባለፈ ቁጥር እወጣለሁ። ወንጂ ከሄደ በሰማያዊ የተጻፈበትን እንዲያይልኝ ነግሬዋለሁ። ባለፈው ሳምንት 22ን አመጣልኝ። ጋሼም ማጫወቻው አጠገብ ያለውን ወንበር የራሳቸው አድርገውታል።