ጎረቤቴ ያስለመደችኝ ቅዳሜ

የምኖረው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ባህር ዳር፣ ከጣና ዳር በእግር ሩብ ሰዓት በማይሞላ ቦታ። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ 4 የመምህራን ቤቶች አሉ፤ አንዱ የኔ ነው። ከበሬ እስከማስተምርበት ክፍል 80 እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።

ይህን ስናገር የማይቀና የለም። የቤት ኪራይ የለ፣ ባጃጅ ጥበቃ የለ። እውነት ነው፣ በዛሬ ኑሮ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ከሥራ ቦታው የሚያድር ሰው ቅዳሜ የሚባል ነገር አይኖረውም። ከአዲስ አበባ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሬን በሻሽ ጠቅልዬ ልብስ ሳጥብ አንዲት እናት «መምህርት፣ ልጄ ለምንድነው 62 ያመጣው?» ብለው መጡ። እጄ አረፋ ነው። አደራርቄ የፈተና ወረቀቱን ፍለጋ ገባሁ። አልተቀየምኳቸውም፤ በሥራ ቀን እሳቸውም ሥራ ላይ ናቸው፣ መቼ ይምጡ? ግን ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በሬን መዝጋት ጀመርኩ። ፈተና አርማለሁ፣ እተኛለሁ፣ እናቴ ጋ እደውላለሁ። ከቤተሰቤ ያለያየኝ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ እና ዓመቱን ሙሉ የቆጠርኩት የእረፍቱን ቀን ነው።

በሬን ያስከፈተችኝ ጎረቤቴ ናት። ከህንድ፣ ከኬራላ የመጣች የሂሳብ መምህርት። ተማሪዎቹ «ሚስ» ይሏታል፣ እኛም «ሚስ» ብለን ቀረን። ከመጣች ሦስት ሳምንት ሳይሞላት ቅዳሜ በማለዳ አንኳኳች። ዘንቢል ይዛለች። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ አሳ የት ይሸጣል?

አላውቅም ነበር። የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ጣና አጠገብ ኖሬያለሁ፣ አሳ ግን የበላሁት ሆቴል ውስጥ ተጠብሶ ሲመጣልኝ ብቻ ነው። አብረን ወጣን። ከዚያ ቀን ወዲህ ቅዳሜ ግቢ ውስጥ አርፍጄ አላውቅም።

ሐይቁ ዳር የሚደረሰው በጊዜ ነው። ጀልባ ያላቸው በጀልባ፣ የሌላቸው በደንገል ታንኳ ሌሊቱን ያጠመዱትን ይዘው ይመጣሉ። አሳው ይበለታል፣ ፔሊካኖቹ ትራፊውን እየጠበቁ ከሰው እግር ሥር አይጠፉም። ሚስ አትቸኩልም። አንዱን ቀረሶ ታነሳና የስንጥቡን፣ አሳው የሚተነፍስበትን፣ ክዳን በአውራ ጣቷ ገለጥ ታደርገዋለች። ውስጡ ቀይ ከሆነ እጇ ላይ ይቆያል፤ ወደ ቡናማ ከሄደ ትመልሰዋለች። ቀጥሎ ዓይኑን ታያለች፣ ደፍርሶ እንደሆነ። በመጨረሻ ሥጋውን ጫን ታደርጋለች፣ ጣቷን ስታነሳ ጎድጉዶ ከቀረ አትገዛም። በመጀመሪያው ቀን አሳ አጥማጁ ዝም ብሎ ሲያያት ቆየና ወደኔ ዞሮ «እታለም፣ ይህች ሴት የባህር ልጅ ናት» አለኝ። ተረጎምኩላት። ከዚያ ወዲህ ጥሩ ጥሩውን ለይቶ ያቆይላታል።

እኔ ደግሞ የኔን ድርሻ ነገርኳት። እዚህ ነጭ አሳ የሚባለው ዘር አንድ ዓይነት አይደለም። ወደ 15 የሚሆኑ ዝርያዎች አሉት፣ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። መረቡ የሚጠብቃቸው ወንዙ አፍ ላይ ነው፤ እንቁላላቸውን እንደያዙ ይጠመዳሉ። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ ነጭ አሳ አልገዛም፣ ሌላውንም ሰው አትግዙ እላለሁ። ይህን ክፍል ውስጥ ከመጽሐፍ ሳስተምር ነው የኖርኩት። ዘንቢል ይዤ ሐይቁ ዳር ስቆም ግን ነገሩ የኔ ጉዳይ ሆነ።

ስንመለስ ግቢው ሌላ ግቢ ነው። ደወል የሆነው የመኪና ቸርኬ ዝም ብሎ ተሰቅሏል። የሰልፉ ሜዳ ላይ የሰፈር ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ውሃ ከመጣ ሁሉም ጀሪካኑን ይዞ ቧንቧው ጋ ነው፣ ወሬውም እዚያው ነው።

አሳውን እዚያው ቧንቧው አጠገብ ስናጥብ ነው ጋሼ የመጡት። ጋሼ የግቢው ጥበቃ ናቸው፣ ዕድሜያቸው ወደ 70 ይጠጋል። «ከየት ነው የመጣችው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። በንጉሡ ጊዜ ከኬራላ ብዙ መምህራን መጥተው በየአውራጃው ሲያስተምሩ እንደነበር በወሬ እሰማ ነበር፤ ጋሼ ግን ከተማሩት አንዱ ናቸው። በከዘራቸው አፈሩ ላይ ሦስት ማዕዘን ሠሩ። በአንደኛው ጎን 3፣ በሌላኛው 4 ጻፉና ከዘራውን ለሚስ ሰጧት። ሚስ እጇ ላይ ያለውን ቅርፊት በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችና ረጅሙ ጎን ላይ 5 ጻፈች። ጋሼ ሳቁ። «ጎበዝ! እኔን ያስተማረኝ እንዲህ ነው፣ ነፍሱን ይማረው» አሉ።

ወጡን የምትሠራው እሷ ናት። ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያ፣ እርድ ጠንከር አድርጋ፣ ከዚያ ከአዲስ አበባ ያመጣሁላት የኮኮነት ዱቄት። አሳው መጨረሻ ላይ ይገባል፣ በማንኪያ አይማሰልም፣ ድስቱ በጆሮው ተይዞ ወዝወዝ ይደረጋል እንጂ። በእንጀራ እንበላዋለን። ጋሼ እሾሁን እየለቀሙ፣ ከሁሉም ቀድመው ይጨርሳሉ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ልማዳችን ይቆማል ብዬ ነበር። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እኛ ጋ አያልቅም፣ ጋሼ ግን አይነኩም። ሚስ ስትሰማ «እኛም አንበላም» አለች። እኛ ማለት እነማን እንደሆኑ ያን ጊዜ ነው የጠየቅኳት። የማላንካራ ኦርቶዶክስ ናት። ሐዋርያው ቶማስ ሰበከልን የሚሉት የህንድ ክርስቲያኖች፣ ከኛ ቤተ ክርስቲያን ጋር እህትማማች የሆኑት። እ.ኤ.አ. በ1965 አፄ ኃይለ ሥላሴ የእነዚህን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ሲሰበስቡ የነሱም ነበሩበት። ያን የጾም ወራት ቅዳሜ ዘንቢላችን ሽሮና ጎመን ይዞ ተመለሰ እንጂ መውጣታችን አልቀረም።

እሁድ ጠዋት ቅዱስ ጊዮርጊስ አብረን እንሄዳለን። ነጠላዬን አውሼአት ነበር፣ አሁን የራሷን ገዝታለች። በመጀመሪያው ቀን ጫማሽን እዚህ ነው የምታወልቂው ልላት ዞር ስል አውልቃ ቆማለች። ሴቶች የሚቆሙበትንም ሳላሳያት ሄደች፤ እነሱም ጋ እንዲሁ ነው። ግዕዙን አታውቀውም። «ሃሌ ሉያ» ሲባል ግን አብራ ትላለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ።

ከሰዓት አንዳንዴ ወደ አዲሱ የዓባይ ድልድይ እንወጣለን። 380 ሜትር ነው፣ በ2016 ግንቦት ነው የተመረቀው። ጉማሬ ትፈልጋለች፤ እስካሁን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጆሮውን ብቻ አይታለች።

እሁድ ማታ ነጭ ጋውኔን እተኩሳለሁ። ሚስ ደግሞ ስልኳን ይዛ ወደ ባንዲራው እንጨት ትሄዳለች፣ ኔትወርክ ደህና የሚሆነው እዚያ ነው። ልጇ ኬራላ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ሰዓቱ እዚያ በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድማል፣ ስለዚህ ልጅቷ ሳትተኛ መድረስ አለባት። የሚያወሩት አይገባኝም። መሃል መሃል ላይ «ጣና» የሚል ቃል እሰማለሁ። ባለፈው እሁድ ስትጨርስ ጋሼ ከጥበቃ ቤቷ ሆነው «ልጅሽ ደህና ናት?» አሏት።

«ደህና ናት ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች፣ በአማርኛ።